ርቀት፣ የበረራ ሰዓትና ከፍታ፦ ከባሌ ደጋ ተነሥቶ በአውሮፕላን ስለሚጓዝ ሕመምተኛ

መግቢያ

ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዲንሾ፣ አንድ አዛውንት ወደ ጤና ባለሙያ ቀርበው ምክር ቢጠይቁ የሚከተለውን ማለታቸው አይቀርም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭስ ቤት የኖሩ፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የቆየባቸው ሰው ናቸው። በዋሽንግተን የሚኖረው ልጃቸው የአውሮፕላን ቲኬት ልኮላቸዋል። «አውሮፕላኑ ከደመና በላይ ነው የሚሄደው ይባላል፤ እዚያ ላይ አየር አያጥረኝም ወይ?» ይላሉ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የጤና ባለሙያው በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው «የሳንባ ሕመምተኛ ስለሆኑ አይጓዙ» ብሎ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የበረራ ሰዓት ብቻ ተመልክቶ «ተቀምጠው ነው የሚሄዱት፣ ምንም ችግር የለውም» ብሎ ማሰናበት ነው። የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም በኪሎ ሜትርና በሰዓት ብቻ የተገለጸ ጉዞ ለሕመምተኛው ምን ማለት እንደሆነ ሳይመረመር መቅረቱ ነው። ለባሌ ደጋ ነዋሪ ደግሞ ከርቀትና ከሰዓት ጋር ሦስተኛ መለኪያ መታከል አለበት፤ እርሱም ከፍታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት መለኪያዎች አንድ በአንድ አስረድቶ፣ ለውሳኔና ለሪፈር ወረቀት አጻጻፍ የሚጠቅመውን ማመልከት ነው።

የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት እንዴት ይሰላል?

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት የሚለካው በሉላዊው የምድር ገጽ ላይ በሚዘረጋው አጭሩ ቅስት ነው። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመር መስመር፣ በተለይ ርቀቱ ረጅም ሲሆን፣ ትክክለኛውን አጭር መንገድ አያሳይም። በቅስቱ ስሌት መሠረት ከሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ለሕክምና እስከሚሄዱባቸው ከተሞች ያለው ርቀት ደግሞ እስከ ዴልሂ 4,550፣ እስከ ባንኮክ 6,760 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአዛውንቱ መድረሻ የሆነው የዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ርቀቱን ወደ ሰዓት ለመለወጥ ቀለል ያለ ስሌት አለ። ትልቅ የጄት አውሮፕላን በጉዞ ከፍታው ላይ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። ርቀቱ በዚህ ፍጥነት ተካፍሎ፣ ለመነሻ፣ ለመውጫና ለመውረጃ ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ሲታከልበት ግምቱ ይገኛል። በዚህ መሠረት ዴልሂ 6 ሰዓት፣ ባንኮክ ደግሞ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳሉ። በአጭር መንገድ ላይ መነሻውና መውረጃው የጊዜውን ትልቅ ክፍል ስለሚወስዱ፣ የሮቤና የአዲስ አበባ በረራ ርቀቱ ጥቂት ቢሆንም በተወርዋሪ አየር መዘውር በሚሠራ አውሮፕላን 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ይሁን እንጂ በአንድ መንገድ ላይ የሄዱበትና የተመለሱበት ሰዓት እኩል የማይሆንባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ነፋስ ነው። በመካከለኛው የምድር ወገብ ርቀት፣ ከምድር ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣውን አውሮፕላን ይገፋዋል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ግን ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ የመግፋት ኃይልና የክንፉ የማንሣት ኃይል ይቀንሳሉ። ስለዚህ የማኮብኮቢያው ርዝመት 3,800 ሜትር ቢሆንም፣ አውሮፕላኑ ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ይሄድ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለብዙ ዓመታት በመጀመሪያ በሮም፣ በኋላም በደብሊን እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ የቆየው፣ ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ያህል በርሮ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይደርስ የነበረው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ማረፊያ ሲኖር የመሄጃው ጉዞ 16 ወይም 17 ሰዓት ይሆናል። የሕመምተኛውን ትንፋሽ የሚያሳጥረው ስስ አየር የአውሮፕላኑንም ጉልበት ይቀንሳል ማለት ነው።

ከፍታ፦ የዲንሾ ነዋሪ ከአውሮፕላኑ ክፍል በላይ ይኖራል

የመንገደኞች አውሮፕላን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲበር በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በመሣሪያ ይጠበቃል። ዓለም አቀፉ የሥራ ደንብ በመደበኛ በረራ ጊዜ የክፍሉ ግፊት ከ2,438 ሜትር፣ ማለትም ከ8,000 ጫማ ከፍታ ጋር ከሚመጣጠነው ግፊት በታች እንዳይወርድ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ ላይ የዋለውን ቦይንግ 787ን የመሳሰሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች ደግሞ የክፍሉን ግፊት 1,830 ሜትር ገደማ ካለው ግፊት በታች እንዳይወርድ አድርገው ይይዙታል።

ይህ ለሳንባ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት የሚገኘው ከከባቢ አየሩ ግፊት ላይ የውሃ ተን ግፊት የሆነው 47 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተቀንሶ ቀሪው በ0.21 ሲባዛ ነው። የከባቢ አየር ግፊት ከከፍታ ጋር የሚቀንስበትን መደበኛ ስሌት በመከተል የሚከተለው ውጤት ይገኛል፦

በባሕር ወለል፦ የአየር ግፊት 760፣ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ግፊት 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፤
በአዲሱ ዓይነት አውሮፕላን ክፍል፣ 1,830 ሜትር፦ 609 እና 118፤
በቦሌ፣ 2,330 ሜትር፦ 572 እና 110፤
በአውሮፕላን ክፍል በደንቡ መጨረሻ ገደብ፣ 2,438 ሜትር፦ 565 እና 109፤
በዲንሾ፣ 3,200 ሜትር፦ 513 እና 98፤
በሳነቴ አምባ፣ 4,000 ሜትር፦ 462 እና 87።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የዲንሾ ነዋሪ በየዕለቱ በቤቱ የሚተነፍሰው አየር በአውሮፕላኑ ክፍል ውስጥ ከሚያገኘው ይልቅ ስስ ነው። አውሮፕላን የገባ የባሌ ደጋ ሰው፣ በኦክስጅን በኩል ሲታይ፣ ወደ ላይ የወጣ ሳይሆን ወደ ታች የወረደ ነው። በዲንሾ ተረጋግቶ የሚኖር፣ ያለ እርዳታ የሚራመድና በዕረፍት ጊዜ የማይጨነቅ የሳንባ ሕመምተኛ ከአውሮፕላኑ ክፍል የሚከብደውን ፈተና በየቀኑ እያለፈ ይገኛል።

የውጭ መመሪያዎችን ቃል በቃል መጠቀም የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው። የብሪታንያ የደረት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ በዕረፍት ጊዜ የተለካ የደም ኦክስጅን ሙሌቱ ከ92 በመቶ በታች የሆነ ሕመምተኛ በበረራ ላይ ኦክስጅን እንዲሰጠው፣ ከ95 በመቶ በላይ የሆነ ደግሞ እንደማያስፈልገው አመልክቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የተሰጡት በባሕር ወለል ለሚለካ ሰው ነው። በዲንሾ የተለካ 90 በመቶ ከለንደን 90 በመቶ ጋር አንድ ትርጉም የለውም። ማኅበሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው ምክር በዕረፍት ጊዜ የሚወሰድ ልኬት ብቻውን በቂ መመዘኛ እንዳልሆነ ገልጿል። ስለዚህ በደጋ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ከቁጥሩ ጋር ሕመምተኛው 50 ሜትር ያህል ሲራመድ ምን እንደሚሆን፣ በቅርብ ሳምንታት የባሰበት ነገር መኖሩን፣ እግሩ ማበጡንና በሌሊት መተኛት መቻሉን መመርመር ይኖርበታል። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ልኬቱ የተወሰደበትን ከፍታ ሁልጊዜ መጻፍ ያስፈልጋል።

በደጋ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከአማካይ ቁጥር ይልቅ ግለሰቡን ማየት እንደሚሻል ያስገነዝባሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውና የኦክስጅን ሙሌታቸው በባሕር ወለል ከሚኖሩት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጿል። ሁሉም የደጋ ነዋሪ ከከፍታው ጋር በአንድ ዓይነት መንገድ አልተላመደም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ከላይ የተባለው የሚሠራው ለወትሮው የደጋ ነዋሪ ነው። ከቆላ መጥቶ በሮቤ ወይም በጎባ ተኝቶ ለታከመ ሕመምተኛ፣ ወይም ወራት በባሕር ዳርቻ አገር ቆይቶ ለሚመለስ ሰው ስሌቱ ይለወጣል። በሳንባ ምች ወይም በልብ ድካም በቅርቡ የታመመ ሰውም ነዋሪ ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው ሊባል አይችልም።

ሠንጠረዡ ከአውሮፕላን ጉዞ ውጭ ለሆነ ሌላ ውሳኔም ይጠቅማል። ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚመጣው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ያልፋል። ደሎ መና ከ1,500 ሜትር በታች በመሆኑ በዚያ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ግፊት ከ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ነው። በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን በአምቡላንስ ሳነቴን ሲሻገር ግፊቱ ወደ 87 ይወርዳል። ይህ ከማንኛውም የመንገደኞች አውሮፕላን ክፍል የከፋ ነው። «በመኪና ነው የሚሄደው» ተብሎ ያለ ኦክስጅን የሚላክ ሕፃን፣ በአውሮፕላን ቢሆን ኖሮ ማንም ያለ ኦክስጅን የማይልከው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ሙሌቱ በቆላ ሳለ ዝቅ ያለ ሕመምተኛ አምባውን ከመሻገሩ በፊት ኦክስጅን መያዙና ለመንገዱ በሙሉ የሚበቃ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

በሰውነት ውስጥ የታሰረ አየር

ግፊት ሲቀንስ አየር ይሰፋል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ 2,438 ሜትር ከፍታ ያለው ግፊት ላይ የደረሰ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የታሰረ አየር ካለ፣ መጠኑ ከሲሶ በላይ ይጨምራል፤ ስሌቱ 38 በመቶ ገደማ ያሳያል። በደረት ውስጥ የታሰረ አየር፣ ማለትም ኒሞቶራክስ ያለበት፣ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ገና ያላገገመ፣ ወይም በዓይን ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሕመምተኛ እንዳይበር የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ከቦሌ ለሚነሣ ሰው ግን የግፊቱ ልዩነት ጥቂት ስለሆነ ጭማሪው 1 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ለአንዳንድ ሰው መዘናጋትን ሊያመጣ ይችላል። በመጀመሪያ፣ የክፍሉ ግፊት በድንገት ቢጠፋ የታሰረው አየር በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሰፋ ያልታከመ ኒሞቶራክስ ያለበት ሰው ከየትም ቢነሣ መብረር የለበትም። ሁለተኛው ከዚህ ይልቅ የሚዘነጋው ነገር የመመለሻው ጉዞ ነው። ለሕክምና ወደ ባንኮክ የሄደ ሰው የሚመለሰው ከባሕር ወለል ነው፤ ዴልሂም ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ያለች አይደለችም። ሕመምተኛው ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት እዚያ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀረው አየር የሚለካውም በዚያ ግፊት ነው።

በሌላ አገር በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖር ሕመምተኛ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። የባሌው ሕመምተኛ ግን ቦሌ ሲያርፍም በአውሮፕላኑ ክፍል ከነበረው ብዙ የማይለይ ግፊት ላይ ነው። ዲንሾ ሲደርስ ደግሞ ግፊቱ ይበልጥ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል እስከ ዲንሾ ሲሰላ የታሰረው አየር በግማሽ ያህል፣ በትክክል 53 በመቶ ገደማ ይሰፋል። የዓይን መጋረጃ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በዓይኑ ውስጥ ጋዝ ላለበት ሰው ይህ የዓይን ግፊት እጅግ እንዲጨምርና ብርሃኑን እንዲያጣ ሊያደርግ የሚችል ነው። እንደ ጋዙ ዓይነት፣ ጋዙ በዓይን ውስጥ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። ስለሆነም «በአውሮፕላን እንዲጓዝ ተፈቅዶለታል» የሚል ማስረጃ ለባሌ ሰው በቂ አይደለም፤ ቤቱ በ3,200 ሜትር ላይ መሆኑን ሐኪሙ አውቆ የፈቀደው መሆን አለበት።

የጆሮ ሕመም ደግሞ በተቃራኒው ሲወርዱ የሚመጣ ነው። የደጋ ሰው ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ የግፊቱ ጭማሪ ትልቅ በመሆኑ ጉንፋን የያዘው ወይም የ«ሳይነስ» ሕመም ያለበት መንገደኛ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር እንዳይተኛ፣ እንዲውጥና እንዲያዛጋ፣ ለሕፃንም ጡት እንዲሰጠው መምከር ይጠቅማል።

የሰዓቱ ርዝመት የሚያመጣው

የሰዓት ርዝመት በራሱ ሦስት ጉዳዮችን ያስከትላል።

የመጀመሪያው በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው የጥናት ውጤት መሠረት ከ4 ሰዓት በላይ ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን አጋጣሚ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው አጋጣሚው አነስተኛ ሲሆን በ6,000 መንገደኞች ውስጥ አንድ ገደማ ነው። ጥናቱ አውሮፕላንን ብቻ አልነጠለም፤ በአውቶቡስ፣ በመኪናና በባቡር ለረጅም ሰዓት መቀመጥም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ይህ ለባሌ ሕመምተኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ከዲንሾ እስከ አዲስ አበባ በመኪና 7 ወይም 8 ሰዓት ተቀምጦ፣ በዚያው ቀን ለ16 ሰዓት በረራ የሚሳፈር ሰው የተቀመጠው 16 ሳይሆን 24 ሰዓት ነው። በቅርቡ ለወለደች፣ የካንሰር ሕመም ላለበት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የስብራት ሕክምና ለተደረገለት፣ ወይም ቀደም ሲል ደም ለረጋበት ሰው አዲስ አበባ አንድ ሁለት ቀን ማደርና መንቀሳቀስ፣ በበረራው ላይ በየሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ፣ ባትን ማንቀሳቀስና ውሃ መጠጣት ይመከራል። አጋጣሚው ከፍ ያለበት ሰው የሄፓሪን መከላከያ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ይወስን። በጄሶ የታሰረ ስብራትም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ረጅም በረራ የሚጠብቀው ከሆነ ጄሶው ተሰንጥቆ እንዲላላ ይደረጋል።

ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ተላላፊ የሆነ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ከማስተላለፍ እስኪወጣ ድረስ እንዳይበር ያዛል። ተጋላጭ መንገደኞችን ለመፈለግ የሚያገለግለው የጊዜ ገደብ 8 ሰዓት ነው። ከሮቤ ወደ ቦሌ የ50 ደቂቃው በረራ ከዚህ በታች ነው፤ የባንኮክና የዋሽንግተን በረራዎች ግን ከገደቡ ያልፋሉ። ለጉዞ ማስረጃ የሚጠይቅና ሳል የቆየበት ሰው አክታው ሳይመረመር ወረቀት ሊጻፍለት አይገባም። ዲንሾ ላይ የተዘለለ የአክታ ምርመራ፣ በሌላ አህጉር ደርዘን መንገደኞችን በስልክ ወደ መፈለግ ሊያደርስ ይችላል።

ሦስተኛው የመድኃኒት ሰዓት ነው። ባንኮክ ከኢትዮጵያ 4 ሰዓት፣ ዴልሂ 2 ሰዓት ተኩል ይቀድማሉ። ዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ቀኑ ያጥርበታል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ይረዝምበታል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ በጉዞው ዕለት መጠኑ በዚህ መሠረት እንዲስተካከል፣ ኢንሱሊኑም በዕቃ ጭነት ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል በእጅ ሻንጣው እንዲይዝ ያስፈልጋል። የፀረ ኤች አይ ቪና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ ዕለታዊ ርቀቱ እንዳይዛባ በአገሩ ሰዓት እስኪላመዱ በኢትዮጵያ ሰዓት እየቆጠሩ መውሰድ ይችላሉ። እዚህ ላይ የአቆጣጠር ልዩነት መዘንጋት የለበትም። በቲኬት ላይ 8፡30 ተብሎ የተጻፈው በዲንሾ አነጋገር ከጠዋቱ 2፡30 ነው። በቲኬት ላይ 2፡30 የተባለው ደግሞ ከሌሊቱ 8፡30 ነው። ሰዓቱን ያደባለቀ ሕመምተኛ ከበረራው ይቀራል፤ ወይም የስኳር መድኃኒቱን ምግብ በማያገኝበት ሰዓት ይወስዳል።

ጉዞው ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ሲቆጠር

ለሪፈር ጉዞ የሚያስፈልገው ስሌት ከአልጋ እስከ አልጋ ያለው ነው። ከዲንሾ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ለመሄድ ሕመምተኛው በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሮቤ መጓዝ አለበት። አውሮፕላን ማረፊያው በሮቤ ቢሆንም በቲኬት ላይ የሚታየው ምህጻር የጎባ ስም በመሆኑ መንገደኛ ወደ ጎባ እንዳያልፍ ማስረዳትም ይገባል። የመንገዱ፣ የመሳፈሪያው ጥበቃ፣ የበረራውና ከቦሌ እስከ ሆስፒታል ያለው ጊዜ ሲደመር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይሆናል። የመኪናው ጉዞ በሻሸመኔ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ 7 ወይም 8 ሰዓት ይፈጃል። አውሮፕላኑ የሚያተርፈው ጊዜ እንግዲህ 3 ሰዓት ያህል ነው።

ይህ ትርፍ ለተረጋጋ ሕመምተኛ፣ ለምሳሌ ለተሰበረ አጥንት ወይም ለኩላሊት እጥበት ቀጠሮ፣ ትልቅ እረፍት ነው። ለድንገተኛ ሕመምተኛ ግን ሊያታልል ይችላል። መደበኛ በረራ የሚነሣው በፕሮግራሙ እንጂ ምጥ በጠናበት ሰዓት አይደለም። ደም ለሚፈሳት ወላድ ወይም ምጡ ለታገደባት እናት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ከማንኛውም በረራ ይቀርባል። «ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ትሄዳለች» የሚል ውሳኔ ሌሊቱን ሊያስከፍል ይችላል።

አስቀድሞ ለታቀደ ጉዞ አየር መንገዶች የሕክምና መረጃ ቅጽ እንዲሞላ ይጠይቃሉ። በበረራ ላይ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ከአየር መንገዱ ጋር ቀናት አስቀድሞ መስማማት አለበት፤ ከወንበሩ በላይ የሚወርደው ጭምብል ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀ በመሆኑ ለሕክምና አያገለግልም። ነፍሰ ጡር ሴት ከ28 ሳምንት በኋላ ማስረጃ ትጠየቃለች፤ ያልተወሳሰበ ነጠላ እርግዝና ካላት እስከ 36 ሳምንት መብረር የተለመደ ነው። ያልተወሳሰበ የልብ ጡንቻ ሞት የደረሰበት ሰው ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም 10 ቀን ገደማ መቆየት ይኖርበታል።

መመለሻው

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ መመለስ ይቻላል። በአውሮፕላኑ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ከዲንሾ አየር የሳሳ አይደለም፤ ዋሽንግተን ሲደርሱም እንዲያውም ትንፋሻቸው ይቀልላቸዋል። የሚያሰጋቸው ነገር ረጅሙ መቀመጥ፣ የመድኃኒታቸው ሰዓትና ሳይመረመር የቀረ ሳል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የመመለሻቸው ቀን ነው። ስድስት ወር በባሕር ወለል የቆየ ሰው በደጋ የነበረውን መላመድ በከፊል ያጣል። አንድ ቀን ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ቦሌን አልፎ 3,200 ሜትር ላይ ይገኛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊታዩ ይችላሉ። የከፍታ ሳንባ ውሃ መቋጠር የደጋ ተወላጆችን ጭምር ከቆላ ቆይተው ሲመለሱ ሊይዛቸው እንደሚችል በአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ላይ ታውቋል፤ በተለይ ልጆችና ወጣቶች ይጠቃሉ። ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው በዲንሾ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በዕረፍት ላይ ሳለ ትንፋሹ ቢያጥር፣ ደረቅ ሳል ቢይዘውና ከንፈሩ ቢጠቁር «ጉንፋን ነው» ተብሎ ሊተው አይገባም። ኦክስጅን መስጠትና ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ዋናው ሕክምና ነው። ለመከላከል ደግሞ አዲስ አበባ ጥቂት ቀናት ማረፍ፣ በዲንሾ በመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ሥራ አለመሥራትና ወደ ሳነቴ አለመውጣት ይመከራል።

ማጠቃለያ

በቲኬት ላይ የሚጻፈው ርቀትና ሰዓት ለአብራሪው የተሟላ መረጃ ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ግማሽ ብቻ ነው። በባሌ ደጋ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ስለ በረራ ምክር ሲጠየቅ አራት ነገሮችን ማወቅ ይበቃዋል፦ ሕመምተኛው ወትሮ የሚኖረው በምን ከፍታ ነው፤ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ስንት ሰዓት ይቀመጣል፤ በሰውነቱ ውስጥ የታሰረ አየር ወይም የሚተላለፍ በሽታ አለ ወይ፤ ሲመለስስ ከየት ወደ የት ይወጣል።

ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ሕመምተኛ በሚጻፈው የሪፈር ወረቀት ላይ ከስም፣ ከዕድሜና ከምርመራ ውጤት ቀጥሎ አንድ መስመር መጨመር ተገቢ ነው፤ «የመኖሪያ ከፍታ፦ 3,200 ሜትር» የምትል። በባንኮክ ወይም በዴልሂ ያለው ሐኪም ስለ ዲንሾ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ያችን ቁጥር ሲያይ ግን ሕመምተኛውን መቼ ወደ ቤቱ መላክ እንዳለበት በትክክል ለመወሰን ይችላል።